የሰባተኛው አልጋ ፋሻ

ባጃጇ ከሆስፒታሉ በር ተፈትልካ ስትወጣ የሲስተር ካፊያ መሃድ አንድ እግር ገና ውጭ ነበር። ጃማዕ የሚባለው ሾፌር ዞር ብሎ፣ «ሁለቱንም አስገቢ እንጂ እህቴ፣ ያንን ለማን ልትተዪው ነው?» አላት። የቀረውን እግሯን ከጉልበቷ በታች በሁለት እጇ አንስታ እንደ ዕቃ አስገባችው። ከታመመች ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ ትኩሳቱ ትቷት ሄዷል፣ ጉልበቷና የጣቶቿ መገጣጠሚያ ግን ገና በበሽታው እጅ ናቸው።

ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቃት ከዚራ ሰፈር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አለችው፤ ቄስ ልትጠራ ስለሆነ ቶሎ እንዲነዳ። ጃማዕ በመስታወቱ ሂጃቧን አየ፣ ነጭ ጋዋኗን አየ፣ ደረቷ ላይ የተሰካውን ስሟን አነበበ። ድሬ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለሆነ ግን ብዙም አልገረመውም።

«ሰው ሊሞት ነው?» አለ ብቻ።

«ሊሞት ነው። ንዳ።»

ነሐሴ ዐሥራ አምስት ቀን ሁለት ሺህ ዐሥራ አንድ፣ ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያ ዓመት ጉድ ድሬዳዋን የጎበኛት በትንኝ ክንፍ ተሳፍሮ ነው። ቺኩንጉንያ ይሉታል፤ ስሙን አስተካክሎ የሚጠራው ሰው ሳይገኝ ከተማውን አዳረሰው። ሰው ውሃ በበርሜልና በጄሪካን ያጠራቅማል፣ ትንኟ እዚያው ትፈለፈላለች፣ ሌሊት እንኳ አትጠብቅም፤ በጠራራ ፀሐይ ትነክሳለች። የተነከሰው ሦስት ቀን እንደ እሳት ይነድዳል፣ ከዚያ መገጣጠሚያው ሁሉ ይያዛል። ከቀፊራ ገበያ እስከ ሳቢያን ቀጥ ብሎ የሚራመድ ሰው ማየት ብርቅ ሆኖ ነበር። ጃማዕ ራሱ መሪውን የያዘው በመዳፉ እንጂ በጣቱ አልነበረም፤ «ከተማው ሁሉ እንደ ሰጋጅ አጎንብሶ ሩኩዕ ላይ ነው ወላሂ፣ ክርስቲያኑም ጭምር» እያለ ይቀልዳል። ሌላ ቀን ቢሆን ካፊያ ትስቅ ነበር። ዛሬ የምትሮጠው የራሷን ጥፋት ለማረም ስለሆነ ለሳቅ የሚሆን አንጀት አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፊያ በምትሠራበት የወንዶች ክፍል ማንም ያላዘዛትን፣ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ አንድ አሠራር አምጥታ ነበር። በሽታው ሲበረታ ቄሱም ሼኹም በየጊዜው እየመጡ በሽተኛ ይጎበኛሉ። አልጋው ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ ግን ስምና ትኩሳት እንጂ ሃይማኖት አይናገርም። ድሬ ውስጥ ደግሞ በስም ልመራ ያለ ሰው ገደል ይገባል፤ የሉቅማን እናት ጽጌ፣ የጽጌ የእህት ልጅ ዱኒያ ልትሆን ትችላለች። አንድ ቀን ቄሱ በቅን ልቦና በአንድ ሀጂ ግንባር ላይ መስቀል አሳረፉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ የሀጂው ልጆች ግን አልሳቁም። በማግስቱ ካፊያ ፋሻ ቆራረጠችና ግማሹን ጂቪ በሚሉት ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት፣ ግማሹን በአዮዲን ነክራ አደረቀችው። ሐምራዊው ቄስ ለሚፈልግ፣ ቡናማው ሼኽ ለሚፈልግ ነው። በሽተኛውን ጠጋ ብላ ትጠይቅና በአልጋው የግርጌ ብረት ላይ ታስርለታለች፤ ማንንም አልፈልግም ያለው ብረቱ ባዶ ይቀራል። አሠራሩ ሰመረ። ቄሱም ሼኹም አመሰገኗት። ፋሻው የሚታሰረው በአልጋው ላይ እንጂ በሰውየው ላይ አለመሆኑን ያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

ጋሽ አለምብርሃን የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው፤ ድሮ ተዘግቶ በቀረ አንድ የዘይት ፋብሪካ ውስጥ የሞተር ሠራተኛ ነበሩ። ሚስታቸው ሞታለች፣ ልጅ አልወለዱም፣ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። ልባቸው ድሮም ደካማ ስለነበር ትኩሳቱ ሲጨመርበት መቋቋም አቃተው። ሰኞ ገብተው ዐሥራ አንደኛው አልጋ ላይ ተኙ። ካፊያ ፊታቸውን ስታብስላቸው እንደ ማንኛውም የድሬ ሽማግሌ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት። የመሃድ ዑመር፣ የገንደ ቆሬው አለቻቸው። ሌላ ነገር አልጠየቁም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን ቄስ ይጠራልኝ ማለት ያዙ፤ ውሃም ከእጇ አልቀበል አሉ። ብርጭቆውን ስታቀርብላቸው ከንፈራቸውን ይገጥሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ሀዊ የምትባለው፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረችው ወጣት ነርስ ስትሰጣቸው ግን ይጠጣሉ።

ካፊያ ነገሩን በራሷ መንገድ ተረጎመችው። ጊዜው ፍልሰታ ነው፣ ሰውየው ጾመኛ ናቸው፣ የእስላም እጅ ከበዳቸው ብላ አሰበች። በሃያ ሁለት ዓመት የነርስነት ዘመኗ ይህን የመሰለ አልገጠማትም አይባልም። ቢሆንም ቅር አላት። ለመቀየም እንኳ ጉልበት ይጠይቃልና ውሃውን በሀዊ እጅ ትልክላቸው ጀመር።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጋሽ አለምብርሃን ትንፋሽ አጠራቸው። ከማራገቢያው ስር ሰባተኛው አልጋ ላይ የተኛው ሮብሌ የሚባል የጭነት አውራጅ ደግሞ በብርድ ጥርሱን ያፋጫል። ካፊያና ሀዊ ሁለቱን በሽተኞች አለዋወጧቸው። ካፊያ ፋሻዎቹን አይታቸዋለች፤ ልትፈታቸውም ሞክራ ነበር። ያበጠው ጣቷ ቋጠሮውን መጨበጥ አቃተው፣ መቀሷን የት እንዳኖረችው አላስታወሰችም፣ ከትናንት ጠዋት ጀምሮም ቤቷን አላየችም። በኋላ አለች። ነርስ ቤት «በኋላ» የሚሉት ነገር ብዙ ጉዳይ ተቀብሮ የሚቀርበት ጉድጓድ ነው።

ቄሱ ሦስት ሰዓት ላይ መጡ። ሐምራዊ ሐምራዊውን እየተከተሉ ዐሥራ አንደኛው አልጋ ሲደርሱ ሮብሌ በትሕትና እስላም መሆኑን ነገራቸው። ስቀው፣ ምሕረቱን ያምጣልህ ብለውት፣ በሰባተኛው አልጋ በኩል ቡናማውን ፋሻ አይተው አልፈው ሄዱ። ካፊያ በዚያን ሰዓት መድኃኒት ልታመጣ ወጥታለች። ስትመለስ ሐኪሙ የጋሽ አለምብርሃንን ደረት አዳምጦ እየጨረሰ ነበር፤ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ዛሬን አያልፉም አላት። እሱ ሲሄድ ሽማግሌው በዚያ በተቆራረጠ ትንፋሽ ቄሱ ዛሬም አልመጡም ወይ ብለው ጠየቁ። ካፊያ የግርጌውን ብረት አየች። የታሰረው ቡናማው ነው።

«ሄጄ ይዣቸው እመጣለሁ» አለቻቸው። «ብቻ ይጠብቁኝ፣ ጋሽ አለምብርሃን።»

ሀዊን ፋሻዎቹን ቀይሪ ብላት፣ በጠረጴዛው መሳቢያ ያገኘችውን መቀስ ሳታስበው ኪሷ ከታ ወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይህ ነው።

ከዚራ ሲገቡ የመድኃኒት መርጫው መኪና መንገዱን ዘግቶ ዛፎቹን ሁሉ ነጭ ጭስ አልብሷቸው ነበር። ጃማዕ ጥሩምባውን ነፋ፣ የሚሰማው ሲያጣ ኮፍያውን አፉ ላይ አድርጎ ጭሱን ሰንጥቆ አለፈ። ቄሱ፣ ቀሲስ ፍሥሐጽዮን፣ የሚኖሩት በባቡሩ ዘመን በተሠራ አሮጌ ቪላ ጓሮ፣ አንዲት ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ነው። ከጎጃም ወደ ድሬ ከመጡ ሦስት ዓመታቸው ሲሆን የድሬ ሰው ትልቅ ትንሽ ሳይል «አንተ» ሲላቸው መደንገጥ የተዉት ገና አምና ነው። ካፊያ በሩን አንኳኩታ ስትገባ ሁለት እግራቸውን ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ከተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፊታቸው በላብ ወርዝቷል። ነርስ ናትና ሳትጠይቅ ገባት፤ ከጠዋቱ ዙረት እንደተመለሱ በሽታው እሳቸውንም ጥሏቸዋል።

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ቋጠሮውን ሳትፈታ መቅረቷንም፣ በኋላ ማለቷንም አልደበቀችም። ቄሱ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ ሊነሱ ሞከሩ፣ ተመልሰው ቁጭ አሉ፣ ደግመው ሞከሩ።

«እንደ ምንም እግሬን ጎትቼ ብደርስ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው እያሳዩዋት፣ «ይኸውልሽ፣ ጣቴ አልታጠፍ አለ። ጠዋት መስቀሉ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቋል። መስቀል መያዝ ያቃተው ቄስ ሰውየው ዘንድ ምን ሊሠራ ይሄዳል?»

ካፊያ ያንን እጅ አየችው፤ የራሷን እጅ የምታይ መሰላት። ከጋዋኗ ኪስ ጥቅል ፋሻ አወጣች።

«ልሰርልዎት?» አለቻቸው።

ቄሱ በግራ እጃቸው የእንጨት መስቀላቸውን ከራስጌ አንስተው ቀኝ መዳፋቸው ላይ አጋደሙት። ካፊያ መስቀሉን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች፣ የእጃቸውን አንጓ ይዛ፣ የተሰበረ ክንድ እንደምታስር አድርጋ ጠቀለለችው። አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ፣ ጫፉን በጥርሷ ቀደደችና ቋጠረችው። ጠበቀብዎት ወይ ስትላቸው አልጠበቀም አሉ። ጃማዕ ተጠርቶ ገባ፤ «አባ፣ ክንድህን አንገቴ ላይ ጣል» አላቸው፤ ሦስቱም እኩል እያቃሰቱ ወደ ባጃጇ አዘገሙ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ከአምስት ሰዓት አልፏል። ካፊያ ቄሱን ከጃማዕ ጋር ትታ ቀድማ ገባች። ሽማግሌው በሕይወት ይቆዩ ይሆን ወይ ከሚለው ሌላ በልቧ ምንም አልነበረም። በክፍሉ በር ላይ ሼኽ ኑሪ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሼኽ ኑሪ በቀልድ የሚታወቁ፣ በሽተኛን ሳያስቁ የማይወጡ ሰው ናቸው። አሁን ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሰባተኛው አልጋ ላይ ያሉት ሰው ክርስቲያን ናቸው?» አሏት።

ካፊያ ወደ ውስጥ አየች። ቡናማው ፋሻ እንደታሰረ ነው። ሀዊ መቀስ ፍለጋ ስትዞር ሁለት ልጆች ትኩሳት ያንቀጠቀጠው አባታቸውን ተሸክመው ደርሰውባት፣ እስካሁንም ከእሱ አልተላቀቀችም።

ሼኽ ኑሪ ያጋጠማቸውን ነገሯት። ዙረታቸውን ሲጀምሩ ቡናማ ፋሻ አዩና ተቀመጡ፣ እጃቸውን የበሽተኛው ግንባር ላይ አድርገው በለሆሳስ ዱዓ ማድረግ ጀመሩ። ሽማግሌው እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘና «አባቴ፣ መጡልኝ?» አለ። ከዚያ መናገር ጀመረ። ሼኹ መጀመሪያ ትኩሳቱ የሚያስለፈልፈው መሰላቸው። ሰውየው የሚናገረው ለንስሐ አባት መሆኑ ሲገባቸው ነገሩ ከግማሽ አልፎ ነበር።

«ላቋርጠው አልቻልኩም፣ ካፊያ» አሉ። «ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ፣ ሰው መሃሉ ደርሶ፣ ተመለስ ትይዋለሽ? እጁን ይዘሽ ታሻግሪዋለሽ እንጂ። ተሳስቼ እንደሆነ አላህ ይየኝ።»

ካፊያ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን፣ ቄሱም በር ላይ መድረሳቸውን ነገረቻቸው። ሼኹ ግን መንገድ አልለቀቁላትም። የሰሙት ነገር አማና፣ አደራ ስለሆነ ከእሳቸው ጋር መቃብር እንደሚገባ አስረዷት። ሽማግሌው ሲጨርስ ቀኖናዬን ይስጡኝ ብሎ ነበር፤ ሼኽ ኑሪ ደግሞ የቄስ ቀኖና ስለማያውቁ የሚያውቁትን ነገሩት። የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ባለሐቁ አውፍ ካላለው፣ ይቅር ካላለው፣ ሌላ መንገድ የለውም አሉት። ሽማግሌው ባለሐቁ ሞቷል፣ ልጁ ግን አለች አለ። ጠይቁልኝ ብሎም ለመናቸው።

«ስለዚህ ይህቺን ብቻ እጠይቅሻለሁ፤ እሷንም ፈቅዶልኛል» አሉ ሼኽ ኑሪ። «የአባትሽ የመሃድ ሐቅ ያለበት ሰው ቢኖር ወራሿ አንቺ ነሽ። አውፍ ትያለሽ?»

ካፊያ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። የዘይት ፋብሪካ፣ የሞተር ሠራተኛ፣ የመሃድ ዑመር ልጅ ስትባል ወደ ግድግዳው የዞረ ፊት፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ የዚያ ፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ከሞተሩ ውስጥ መዳብ ጠፋ፤ አንድ ሠራተኛ ዘበኛው ተሸክሞ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ፍርድ ቤት ቆሞ ማለ። አባቷ ሁለት ዓመት ታሰሩ። ሲፈቱ ጀርባቸው ጎብጦ፣ ዘበኛ አድርጎ የሚቀጥራቸው ጠፍቶ፣ ገንደ ቆሬ በራቸው ላይ ተቀምጠው ቀሩ። ሌባ ብሎ የሰደባቸው ባይኖርም ቁልፉን አደራ የሚሰጣቸው ጎረቤትም አልነበረም። ጎርፉ ከተማውን በጠረገበት ዓመት፣ በዘጠና ስምንት፣ በሽታ ጣላቸው፤ እስከ መጨረሻዋ ቀን «አልነካሁም» እንዳሉ ሞቱ። የማለባቸውን ሰው ስም እቤታቸው አንድም ቀን አልጠሩትም። እናቷ ስትጠይቃቸው ልጆቹ ቂም እንዲወርሱ አልፈልግም ነበር መልሳቸው። ካፊያ ስሙን ሳታውቅ ያደገችው ለዚህ ነው።

ተናደደች። ንዴቱ ከየት እንደመጣ እስኪገርማት ድረስ የደከመው አካሏ ጋለ። ለሦስት ቀን ላቡን ጠርጋለታለች፣ ገላውን አገላብጣለታለች፣ ዛሬ ደግሞ በታመመ ጉልበቷ ለእሱ ስትል ከተማውን አቋርጣ ተመልሳለች። አባቷ ሲሞቱ ማን ሮጠላቸው?

«አልልም ብልስ?» አለች።

«ካላልሽ ሐቅሽ ነው» አሉ ሼኽ ኑሪ። «የሚያስገድድሽ የለም። እኔም ሄጄ አላለችም እለዋለሁ።»

በዚህ መሃል ቀሲስ ፍሥሐጽዮን በጃማዕ ትከሻ ተንጠልጥለው ደረሱ። የትኛው አልጋ ነው ሲሉ ካፊያ በአገጯ አሳየቻቸው። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጧቸው። ሽማግሌው የአልጋው መርገብገብ ሲሰማቸው ያንን የተጋረደ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አባቴ፣ ተመለሱ? ልጅቷ ምን አለች?»

ቄሱ ግራ ገባቸው፣ ወደ ሼኹ ቀና አሉ። ሼኽ ኑሪ ጎንበስ ብለው፣ የሰሙትን ምስጢር ሳያነሱ፣ የሆነውን ብቻ በቄሱ ጆሮ ነገሯቸው። ቀሲስ ፍሥሐጽዮን በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን አዩ። ሽማግሌው ያንን ሁሉ ዳግመኛ የሚናገሩበት ትንፋሽ እንደሌላቸው ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ምን እንዳሉዎት አልጠይቅዎትም» አሏቸው ሼኹን። «አልቅሰዋል?»

«አልቅሰዋል። እኔንም አስለቅሰውኛል።»

ቄሱ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። ሆኖም ሰው በሐሰት እንዲሄድባቸው አልፈለጉምና ወደ ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ቅድም የሰሟቸው ሼኽ ኑሪ መሆናቸውን፣ እሳቸው ገና አሁን መድረሳቸውን ቀስ ብለው ነገሯቸው። የሽማግሌው ከንፈር ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«እኔስ ግዕዙ ምነው ዐረብኛ ዐረብኛ አለኝ ብዬ ነበር» አሉ።

ሼኽ ኑሪ ሊስቁ ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቄሱ መስቀሉን ከነፋሻው በሽማግሌው ግንባር ላይ አሳርፈው፣ እየጸለዩ፣ ድምፃቸው በራሳቸው ሕመም እየተቆረጠ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ አሏቸው። ሽማግሌው አሜን አሉ። ፊታቸው ግን አላረፈም፤ ጆሮአቸው አንድ ሰው እየፈለገ ነበር።

ማንም ወደ ካፊያ አላየም። ሆን ብለው ሌላ ሌላውን አዩ፤ እሷም ይህን አወቀችላቸው። የአልጋውን የግርጌ ብረት እንደያዘች ቆማለች፣ አዮዲኑ የደረቀበት ፋሻ ከመዳፏ ስር ይሻክራታል። አባቷ ስሙን ያልጠሩላት ቂም እንዳትወርስ ብለው ነው። እሳቸው ሃያ ዓመት አፋቸውን ይዘው የጠበቁትን አንዲት ጠዋት ታጠፋባቸው?

ወደ ራስጌው ዞራ ከኮዳው ውሃ ቀዳች። ጣቷ ብርጭቆውን አልጨብጥ ስላላት በሁለት መዳፏ መሃል አድርጋ ያዘችው። እርምጃዋን አውቀው ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ጋሽ አለምብርሃን» አለች። «አውፍ ብያለሁ። ስለ አባቴም፣ ስለ ራሴም። እርስዎም እኔን አውፍ ይበሉኝ፤ ቄሱ ሲመጡ እንዲያልፉዎት ያደረግኩት እኔ ነኝ። አሁን ይጠጡ።»

ቃሉን ስትለው ከልቧ ይሁን ከአፏ አላወቀችም። ይህን የምትመረምርበት ጉልበት አልነበራትም። ሽማግሌው ግን ቀስ ብለው ፊታቸውን መለሱ፤ ካፊያ ማጅራታቸውን በክንዷ ደግፋ ብርጭቆውን አስጠጋች። ጠጡ። አንዴ ጎንጨት አድርገው አረፉ፣ ደግመው ጠየቁ፣ ግማሹ በአገጫቸው ፈሰሰ፤ እሷም በሂጃቧ ጫፍ ጠረገችላቸው።

ጋሽ አለምብርሃን የቀትሩ የዙህር አዛን ከመሰማቱ በፊት ዐረፉ። ካፊያ ዓይናቸውን ከደነች፣ ሰዓቱን ጻፈች፣ ሬሳው ተገንዞ ሲወጣ ከኋላ እስከ በሩ ሸኘች። ቄሱና ሼኹ አንዱ ሌላውን ደግፈው በጃማዕ ባጃጅ ሄዱ። ማን ማንን እንደደገፈ ግን ለማየት ያስቸግር ነበር፤ ሼኽ ኑሪም ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጉልበታቸው ይጠዘጥዛቸዋል።

ሀዊ አዲሱን በሽተኛ ለማስተኛት አንሶላ ይዛ ስትመጣ ካፊያ ሰባተኛው አልጋ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ከትናንት ጠዋት ወዲህ ስትቀመጥ ያየቻት አሁን ነው። ቡናማው ፋሻ በመቀስ ተቆርጦ ጭኗ ላይ ወድቋል። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፣ አትጠርገውም።

«ጉልበትሽ ነው?» አለቻት ሀዊ አንሶላውን አስቀምጣ።

ካፊያ ራሷን ነቀነቀች።

«አይደለም» አለች። «አባቴ ዛሬ ተፈታ።»

ሀዊ የካፊያ አባት ከሞቱ ዐሥራ ሦስት ዓመት እንዳለፋቸው ታውቃለች። ትኩሳቱ የተመለሰባት መሰላትና መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች።